ቅጠልና ልኩ

ሰው ከጥንት ጀምሮ ሕመሙን ያስታገሠው ከደጁ በበቀለ ቅጠል ነው። በአገራችንም ሐኪም ቤት ከመሠራቱ፣ ክኒንና መርፌም ከመታወቁ አስቀድሞ፣ ምች የመታው ሰው በዳማ ከሴ ይታሽ ነበር፤ ሆዱን የቈረጠው ጤና አዳም ያኝክ ነበር፤ የኮሶ ትል ያስቸገረውም የኮሶ አበባ በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ነገር ግን በዘመናችን አንድ እንግዳ በየቤቱ ገብቶ ተቀምጧል፤ እርሱም የስኳር በሽታ ነው። ምች በሦስት ቀን ይለቃል፤ ኮሶም በአንድ ቀን ይወርዳል። የስኳር በሽታ ግን አንድ ጊዜ ከገባ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። እንግዲህ ለአጭር ሕመም የለመድነው የቅጠል አወሳሰድ ለዕድሜ ልክ በሽታ ይበቃል ወይ? ይህን ጥያቄ ያነሣንበት ምክንያት ከራሳችን ቤተ ሰብ የደረሰ ነገር ስላለ ነው።

አክስታችን የምትኖረው በባቲ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቃ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ስሟም ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን በአንዱ የሚጠራ ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋን የማያውቅ ጥቂት ነው። በዚያን ቀን አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉን፣ ቅቤውንና በርበሬውን ይዞ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ሚዛንና ገንዘብ ያስማማዋል። እህሉ በቍና፣ ቅቤው በሚዛን፣ ጨርቁ በክንድና በሜትር ይለካል። ገዢው ሚዛኑ አጋደለ ብሎ ይከራከራል፤ ሻጩም የሰፈረውን ይደግማል። ሳይለካ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር በባቲ ገበያ እምብዛም አይገኝም።

ከዚሁ ገበያ ዳር የቅጠል ሻጮች ተቀምጠው ይታያሉ። አንዲቱ ከደጋ የመጣ ጦስኝ በኩታ ዘርግታለች፤ ሌላይቱ የደረቀ ግራዋ አላት፤ ሌላውም ሽፈራው የተባለውን ቅጠል ፈጭቶ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሯል። ከቅጠሉ አጠገብ ሥሩና ልጡም አለ። ባለፈው ዓመት ከአንዲት አሮጊት ሻጭ ፊት ቆመን፣ «እናታችን፣ ይህ ለምን ይሆናል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ለስኳር ነው ልጄ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ አፍልተህ ትጠጣለህ፤ ይበርድልሃል» አሉን። «ምን ያኽል ነው የሚወሰደው?» ብንልም፣ «እፍኝ ነው፤ ሰውየው ጠንከር ያለ እንደ ሆነ ትጨምርለታለህ» ሲሉ መለሱልን። ሴትዮዋ ደግና ትሑት ነበሩ፤ ለማታለል የተቀመጡም አይደሉም። ነገር ግን ከጎናቸው በርበሬ የምትሸጠው ሴት ኪሎዋን በሚዛን እየመዘነች ስትሸጥ፣ የሰው ሕይወት የሚነካው ቅጠል በእፍኝ ተሰጠ። ይህ ነገር ከልባችን አልወጣም።

አክስታችን የስኳር በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከጤና ጣቢያው የሚሰጣትን ክኒን ጠዋትና ማታ ትውጥ ነበር፤ ደሟም በየጊዜው ይለካ ነበር። በኋላ ግን የጎረቤት ሰዎች «ይህ ክኒን ኵላሊት ይጨርሳል፤ ቅጠሉ ይሻልሻል» ቢሏት ክኒኑን አቆመችና ቅጠል ማፍላት ጀመረች። ለጥቂት ሳምንት ምንም የተለወጠ ነገር አልታያትም። የስኳር በሽታ ጠባዩ ይህ ነው፤ በደም ውስጥ ከፍ ሲል እንደ ቍስል አያምም፣ እንደ ወባም አያንቀጠቅጥም። ቀስ እያለ ግን ጥሙ በረታ፤ ሌሊት ለሽንት መነሣቱ በዛ፤ ሰውነቷም ከሳ። አንድ ቀን የወጋት እሾህ እግሯን አቈሰላት። እርሷ ግን ሕመሙ ስላልተሰማት አላስተዋለችውም። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለብዙ ጊዜ ሲቈይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛልና፣ የደም ሥሮችንም ያጠባልና። ቍስሉ ሳይድን ቈይቶ ወደ ደሴ በተወሰደች ጊዜ አንዲት ጣቷ መቈረጥ ነበረባት። እግሯ በመትረፉ እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ ልንጠይቃት ሄደን ሳለ፣ ስለ ክኒኑ ብናነሣባት እንዲህ አለችን። «እናንተ የተማራችሁት ልጆች ሁሉን ነገር ከፈረንጅ ትወዳላችሁ። ክኒኑ የፈረንጅ ዱቄት ነው፤ ቅጠሉ ግን ፈጣሪ ያበቀለው ነው። እንዴት ፈጣሪ ያበቀለውን ጥሎ ሰው የሠራውን ይመርጧል?» ነገሩ ቍጣ የሚገባው አልነበረም። አክስታችን የጠየቀችው ብዙ ሰው በልቡ የሚያመላልሰውን ጥያቄ ነው። መልሱም ብዙዎቻችን ከምናስበው ልዩ ነው፤ አክስታችን የጣለችው ክኒን ራሱ ታሪኩ የሚጀምረው ከቅጠል ነውና።

በአውሮፓ ሜዳዎችና ወንዝ ዳርቻዎች ጋሌጋ የሚባል አበባው ሐምራዊ የሆነ ተክል ይበቅላል። የአውሮፓ ባላገሮች ይህን ተክል ለብዙ ሕመም ያፈሉት ነበር፤ ወተት ያበዛል ብለውም ለከብት ይሰጡት ነበር። ነገር ግን በብዛት የበላው በግ ይሞት ነበር። በኋላ ዘመን ኬሚስቶች በተክሉ ውስጥ ጓኒዲን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመድ ጋሌጂን የሚባል ነገር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1918 ጓኒዲን በእንስሳት ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ ታወቀ። ጋሌጂንም በ1920ዎቹ ዓመታት በሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ ነገር ግን ኀይሉ ቶሎ የሚያልፍና ጕዳት የማያጣው ሆኖ ስለ ተገኘ ተተወ። እንግዲህ ቅጠሉ በእውነት ይሠራ ነበር፤ በእውነትም ይገድል ነበር። ሁለቱን የሚለየው ልኩ ብቻ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት፣ በ1922፣ ቨርነርና ቤል የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በደብሊን ከተማ የጓኒዲን ዘመድ የሆነውን፣ ዛሬ ሜትፎርሚን የምንለውን ነገር በቤተ ሙከራ ሠሩ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ፣ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን በመርፌ ተወግቶ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ስለ ነበር፣ የዓለም ዐይን ሁሉ ወደ ኢንሱሊን ዞረ። ሜትፎርሚን ተረሳ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ዣን ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ። አሜሪካኖች ደግሞ የፈቀዱት ገና በ1994 ነው። ዛሬ ይህ ክኒን በትልልቅ ሰዎች ላይ ለሚመጣው የስኳር በሽታ በዓለም ሁሉ አስቀድሞ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል፤ በየጤና ጣቢያችንም የሚሰጠው እርሱ ነው።

ከዚሁ ቤተ ሰብ የሆነ ፌንፎርሚን የሚባል ሌላ መድኃኒት ደግሞ ነበር። እርሱም ስኳርን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እንዲያውም ከሜትፎርሚን ይበረታ ነበር። ሆኖም በአንዳንድ ሕሙማን ደም ውስጥ አሲድ እንዲከማች እያደረገ እስከ ሞት ስላደረሰ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በብዙ አገሮች ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሲሆኑ አንዱ ተመረጠ፤ ሁለተኛው ተጣለ። የለያቸውም ብዙ ሰው ተጠብቆ፣ የዳነውም የተጐዳውም ተቈጥሮ ስለ ተጻፈ ነው። ይህን ሁሉ በአጭሩ ለአክስታችን ብንነግራት ጥቂት ዝም ብላ፣ «ታዲያ ክኒኑም ቅጠል ነው በሉኛ» አለች። እኛም «ልኩ የታወቀ የቅጠል ልጅ ነው» አልናት።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ቅጠሎችም የተሠራውን ሥራ መናገር ይገባል። በገበያ ሽፈራው የሚባለው ዛፍ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ይልቁንም በኮንሶና በአካባቢው፣ ከጥንት ጀምሮ በየእርሻውና በየደጁ የሚተከል ነው። የኮንሶ ሰው ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅሎ በየቀኑ ይበላዋል። ፕሮፌሰር ኢያሱ መኮንን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የዚህን ቅጠል የውሃ ጭማቂ ለጥንቸሎች ሰጥተው፣ የደማቸው ስኳር ዝቅ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ የውጭ አገር የሳይንስ መጽሔት ላይ አስታውቀዋል። ከዚህም ጋር፣ ጭማቂው ግሊበንክላሚድ ከሚባለው የታወቀ ክኒን ኀይሉ ያነሰ እንደ ሆነ አልሸሸጉም። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገዋል። ስለ ግራዋም እንዲሁ በናይጄሪያ ብዙ የእንስሳት ሙከራ ተደርጓል። በህንድ አገር ደግሞ ጂምኔማ የተባለ ሐረግ አለ፤ ቅጠሉን ያኘከ ሰው ለጥቂት ጊዜ የስኳር ጣዕም አይሰማውም፤ የህንድ ባህላዊ ሐኪሞችም ሽንቱ እንደ ማር የጣፈጠ ለሚሉት በሽተኛ ይሰጡት ነበር።

እንዲህ ያለው ሙከራ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ ለተማሪዎቻችን ይጠቅማል። ቅጠሉ መጀመሪያ በተክል አዋቂ ተለይቶ ስሙ ይጻፋል። ከዚያም ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ ተፈጭቶም በውሃ ወይም በአልኮል ይዘፈዘፋል። የተጠለለው ፈሳሽ ሲተን ከሥሩ የሚቀረው ደረቅ ነገር ይመዘናል። አይጦቹ በቡድን በቡድን ይከፈላሉ፤ ቆሽታቸውን የሚያደክም መድኃኒት ተሰጥቷቸው የስኳር በሽታ እንዲይዛቸው ይደረጋል። ከዚያ አንዱ ቡድን ውሃ ብቻ፣ አንዱ ቡድን የታወቀውን ክኒን፣ ሌሎቹም እንደየክብደታቸው ተሰልቶ ጥቂትና ብዙ የቅጠል ጭማቂ ይወስዳሉ። የሁሉም ደም በየሰዓቱ ይለካል። ከዚህ ጋር ጭማቂው ጕበትንና ኵላሊትን የሚጐዳ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። ውሃ ብቻ የጠጣው ቡድን የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርሱ ከሌለ ስኳሩ የወረደው በቅጠሉ ይሁን በሌላ ነገር ሊታወቅ አይችልም።

በባቲ ገበያ የሚሸጠውን ቅጠል በዚህ መንገድ ብናየው የጐደለው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይታየናል። መጀመሪያ ስሙ አይታወቅም። ሽፈራው የሚለው ስም ለአገራችን ዛፍም፣ ከህንድ ለመጣው ዘመዱም ይሰጣልና፣ ገዢው የትኛውን እንደ ገዛ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ኀይሉ አይታወቅም። በክረምት የተቀጠፈና በበጋ የተቀጠፈ፣ ለጋውና የጠናው፣ በፀሐይ የደረቀውና በጥላ የደረቀው ቅጠል አንድ አይደለም። ሦስተኛ፣ እፍኝ ልክ አይደለም፤ የገበሬ እፍኝና የሕፃን እፍኝ ይለያያልና። አራተኛ፣ ጠጪው ከመጠጣቱ በፊትና ከጠጣ በኋላ ደሙን አይለካም። ስለዚህ ቢሻለውም በምን እንደ ተሻለው፣ ቢከፋውም በምን እንደ ከፋው አያውቅም።

«መራራ ነገር ጣፋጩን ያወጣል» የሚል አሳብም በሕዝቡ ዘንድ ጸንቶ ይኖራል። ይህ አሳብ ለጆሮ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ምላስ የሚቀምሰው ምሬት በደም ውስጥ ካለው ስኳር ጋር አይገናኝም። ከላይ እንዳየነው የኮንሶ ሰው ጎመን አድርጎ የሚበላው ቅጠል የጥንቸሎችን ስኳር ዝቅ ሲያደርግ፣ ምሬታቸው ጕሮሮ የሚዘጋ ብዙ ቅጠሎች ደግሞ ምንም አይሠሩም። በሽታውም ስኳር በመላስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። እንጀራው፣ ቂጣውና ንፍሮው ሁሉ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ይህን ወደ ሰውነት የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው፤ እርሱ ሲያንስ ወይም ሥራው ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ማር ሲበዛ ይመራል የሚለው ተረታችን በዚህ በሽታ ላይ በእውነት ደርሷል።

እንግዲህ ልክ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በቍጥር እንናገር። ጤነኛ ሰው ሌሊቱን ጾሞ ሲያድር በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ የሚገኘው ስኳር ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ያኽል ነው። ይህ ቍጥር በሁለት ጊዜ ምርመራ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው የስኳር በሽታ አለበት ይባላል። ከ70 በታች ሲወርድ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ላብ ያሰምጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ አእምሮ ይደነግዛል፤ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ካልቀመሰም ራሱን ይስታል። እንግዲህ ስኳርን በእውነት ዝቅ የሚያደርግ ቅጠል ካለ፣ ግሊበንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ተደራርበው ወደዚህ አደጋ ሊጥሉት ይችላሉ። ቅጠሉ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ክኒኑን የተወው ሰው ያለ መድኃኒት ቀርቷል ማለት ነው። ልኩ ካልታወቀ ቅጠሉ ቢሠራም ባይሠራም የሚያሰጋው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አባቶቻችን ያለ ሚዛን ኖረዋል» ይላሉ። ይህ ግን አባቶችን አለማወቅ ነው። ኮሶን ተመልከቱ። ኮሶ የሚጠጣ ሰው ከመጠጣቱ አስቀድሞ ይጾም ነበር፤ አበባው እንደ ጠጪው ጕልበት ይሰፈር ነበር፤ ለደካማና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ነበር፤ የጠጣውም ሰው በዚያን ቀን ከሥራ ይፈቀድለት ነበር። ይህ ሁሉ ሥርዐት የተሠራው ኮሶ ሲበዛ እንደሚገድል በልምድ ስለ ታወቀ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት ኮሶ ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ሲገባም፣ አብሮት የገባው የአወሳሰዱ ልክ ነው። ስለዚህ ልክ ከፈረንጅ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአባቶቻችን ቤት የነበረና እኛ በገበያ ዳር የጣልነው ነው።

የእንዶድም ታሪክ ይህን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሲመለከቱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሐርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። እንዶድን አጣቢዎቹ ሁሉ ያውቁታል፤ አረፋውንም ለዘመናት ተጠቅመውበታል። ዶክተር አክሊሉ የጨመሩት ነገር ቢኖር መመልከት፣ መመዘንና መመዝገብ ነው። ለብዙ ዓመት ከደከሙ በኋላ፣ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስቶክሆልም ትልቅ ሽልማት ተቀበሉ። የልብስ ማጠቢያው ፍሬ የዓለም ሊቃውንት የሚነጋገሩበት ነገር የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የቅጠል ዕውቀታችን ወደዚህ ደረጃ እንዳይደርስ ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ ምስጢር ነው። «መድኃኒት ከተነገረ አይሠራም» የሚል እምነት በደብተራውም ዘንድ፣ በሼሁም ዘንድ፣ በመንደር ቅጠል አዋቂውም ዘንድ አለ። ይህን በቀላሉ ልንነቅፈው አይገባም። ዕውቀቱ የቤተ ሰቡ እንጀራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተነገረ የሰማው ሁሉ ይጠቀምበታል፤ የነገረው ግን ምንም አያገኝም። ሆኖም ባለ ዕውቀቱ ሳይናገር ሲሞት ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ነገር አገራችን ሕግ አውጥታለች፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የማኅበረ ሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዳለው፣ ከዕውቀቱ በሚገኘው ጥቅምም ማኅበረ ሰቡ ተካፋይ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ አዋጅ በባቲ ገበያ ዳር ለተቀመጡት እናት ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ግን ሥራው አልተፈጸመም። ይህን ማድረስ የመንግሥት ሠራተኞች ድርሻ ነው።

መምህራንና ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዕፀዋት ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሟል፤ ከ1980 እስከ 2009 በተደረገው ሥራም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ተለይተው በ8 ቅጽ ተጽፈዋል፤ ቍጥራቸውም 6,000 ያኽል ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ የተጻፈው የላቲን ስምና በገበያ የሚጠራው ስም የሚገናኙት በሰፈሩ ሰው አማካይነት ነው። በባቲ አንድ ቅጠል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛና በአርጎብኛ ሊጠራ ይችላል። የተማሪ ቤት ልጆች አያቶቻቸውን እየጠየቁ፣ የቅጠሉን ስም በየቋንቋው እየጻፉ፣ ቅርንጫፉን ከአበባው ጋር በወረቀት መካከል አድርቀው ቢያስቀምጡ፣ ለተመራማሪው መንገድ ይጠርጉለታል። ይህም ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው።

የጤና ባለሙያዎችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በሽተኛው ቅጠል መጠጣቱን ሲናገር አይቈጡት። የተቈጡት በሽተኛ ሁለተኛ አይናገርም፤ ካልተናገረም ክኒኑና ቅጠሉ በሆዱ ሲጋጩ የሚያውቅለት የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባል፣ ቅጠሉን የደበቀም እንዲሁ ነው። ይልቁንስ «የትኛውን ቅጠል ነው? ምን ያኽል? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ፣ ደሙንም ቶሎ ቶሎ መለካት ይሻላል። በሽተኛው ደግሞ በበኩሉ ሐኪም ሳያማክር ክኒኑን አያቋርጥ። ይልቁንም ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ ልጅ ያለው ወላጅ ይህን በልቡ ይጻፍ፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ መርፌው ቢቀርበት በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታልና፣ ይህን የሚተካ ቅጠል እስከ ዛሬ በዓለም ላይ አልተገኘም።

አክስታችን ዛሬ ክኒኗን ትውጣለች፤ እግሯንም ማታ ማታ በብርሃን ታያለች። ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅላ ከእንጀራ ጋር መብላቷን አልተወችም፤ የጤና ጣቢያው ነርስም ይህን ታውቃለች፤ ደሟንም እየለካች ትከታተላታለች። እኛም በዚህ ደስ ይለናል። ቅጠሉን ከቤት አባርሩ አንልም፤ እንደ እህል ወንድሙ ይለካ እንላለን እንጂ። አንድ ቀን ከአገራችን ቈላ ወይም ደጋ የተገኘ ቅጠል፣ እንደ ጋሌጋ ታሪክ ሁሉ፣ ስሙ ታውቆ፣ ኀይሉ ተለክቶ፣ ጕዳቱም ተቈጥሮ፣ ለዓለም በሽተኞች ሁሉ የሚሰጥ ክኒን ቢሆን የማይቻል ነገር አይደለም። ያ ቀን የሚቀርበው ግን ቅጠሉን በማመስገን ብቻ ሳይሆን፣ በትዕግሥት በመመርመርና እውነቱን በመጻፍ ነው።